የምላጩ ጀርባ

በከር ምላጩን ከድንጋዩ ላይ አንስተው በግራ ክንዳቸው ላይ ሳብ አደረጉት። የክንዳቸው ሽበታም ፀጉር ተኛ፤ ምላጩ አለፈ፤ ፀጉሩ ተመልሶ ቆመ። አንድም አልተቆረጠም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምረው ሲሞክሩ ይህ አራተኛ ጊዜያቸው ነው።

«አልያዘም» አሉና ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው እንደገና ጀመሩ።

ልጃቸው ሙስአብ የፀጉር ቤቱን መስተዋት በጋዜጣ ይወለውላል። መስተዋቱ ከጸዳ ቆይቷል። የሚወለውለው ለእጁ ሥራ ፍለጋ ነው እንጂ ዓይኑስ መስተዋቱ ውስጥ በሚታዩት በአባቱ እጆች ላይ ነው። እጆቹ ድንጋዩ ላይ ሲሆኑ ደህና ናቸው። ችግሩ ምላጩን ሲያነሱት ነው፤ ያኔ ቀኝ እጃቸው ብርድ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

ዛሬ የሙስአብ እህት የጀነት ልጅ ሰባት ቀኗ ነው። ጌጃ ሰፈር፣ በጀነት ቤት፣ በግ ይታረዳል፣ ስም ይወጣል፣ ሕፃኗ ከእናቷ ሆድ ይዛው የመጣችው ፀጉር ይላጫል። የሰባት ቀን ጭንቅላት ከተባለ ደግሞ በአብነትና በጌጃ ሰፈር የሙስሊም ቤቶች ስማቸው የሚነሳው የበከር ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሲላጩ የአንድ ሕፃን ቆዳ ጭረው አያውቁም። ዛሬ ፂም አብቅለው ወንበራቸው ላይ ከሚቀመጡት ጎረምሶች ግማሾቹን በሰባት ቀናቸው የላጩት እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ለማስታወስ አጋጣሚ አያልፋቸውም። «ይሄን ጭንቅላት ሎሚ አክሎ ሳለ ነው የማውቀው» ይላሉ። ጎረምሳው ያፍራል፣ ቤቱ ይስቃል።

ምላጩ ታጣፊ ነው፣ የቀንድ እጀታ ያለው። በወጣትነታቸው ፒያሳ ተቀጥረው የሠሩለት አርመናዊ ፀጉር ቆራጭ ሱቁን ሲዘጋ የሰጣቸው ነው። ለደንበኛ አይነኩትም። ለደንበኛ በየሰዉ የሚቀየር ስስ ምላጭ አለ፣ ፀጉሩም የሚነሳው በቶንዶስ ነው። ይህኛው የሕፃናት ብቻ ነው። ተስሎ፣ ቆዳ ላይ ተለስልሶ፣ በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

«ሙስአብ፣ ና እስቲ እየው» አሉ በከር። «ዓይኔ ነው ወይስ ምላጩ?»

ሙስአብ መጥቶ ምላጩን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ከስለቱ ወደ ውስጥ ያለው ብረት አዲስ ተፈትጎ ያበራል። ስለቱ ራሱ ግን እንደ ክር የቀጠነ ድፍን መስመር ነው፤ ድንጋይ አልነካውም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ገብቶትም ዝም አለ።

የሆነው ረመዳን ሊገባ ሰሞን ነው። በከር በታይፎይድ ሦስት ሳምንት ተኝተው ሳለ ጎረቤታቸው ሺፋ ወለደችና የሰባተኛው ቀን ሥራ ሙስአብ ላይ ወደቀ። ምላጩን ሊስል ሲያወጣው የጀርባው ነገር አሳዘነው። እንዲህ ያለ ምላጭ የሚሳለው ድንጋዩ ላይ ተጋድሞ ነው፤ ስለቱና ወፍራሙ ጀርባው እኩል ድንጋዩን ይነካሉ፣ እኩል ይበላሉ። አርመኑ ሲሰጣቸው ጀርባው ላይ የወርቅ ቀለም አበባ ነበረበት ይላሉ በከር። አሁን አበባው ቀርቶ ብረቱም በሁለቱም ጎን ተልጧል። ሙስአብ ደግሞ በስልኩ ባየው ቪዲዮ አንድ የውጭ አገር ሽማግሌ ምላጩን ከመሳሉ በፊት ጀርባው ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይለጥፋል። ፕላስተሩ ይበላል፣ ብረቱ ይድናል።

ይህን ዘዴ ቀደም ብሎ ለአባቱ ነግሯቸው ነበር። «ምላጭ ጫማ አይደረግለትም» ብለው ሳቁበት። ከሳቁ በኋላ ግን አስረዱት፤ በከር ሥራን በተመለከተ ቀልደው ብቻ አይተዉም። ጀርባና ስለት አብረው ማለቅ አለባቸው። አንዱን ሸፍነህ ሌላውን ካስበላህ ምላጩ ድንጋዩ ላይ የሚጋደምበት ሁኔታ ይለወጣል። አንድ ጊዜ በፕላስተር የተሳለ ምላጭ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ፕላስተር ይፈልጋል።

ሙስአብ ይህን እያወቀ፣ አባቱ በተኙበት፣ ጥቁር ፕላስተር ሁለት ጊዜ ደርቦ ለጠፈና ሳለው። ምላጩ አሪፍ ሆነ። የሺፋ ልጅ ሳታለቅስ ተላጨች። ከዚያ ፕላስተሩን ልጦ፣ ሙጫውን በአልኮል ጠርጎ፣ ምላጩን በጨርቁ ጠቅልሎ አስቀመጠው። በመጀመሪያ ለመናገር አፈረ፣ ኋላም ረሳው።

እና አሁን አባቱ ያለ ፕላስተር እየሳሉት ነው። ጀርባው የሁለት ድርብ ፕላስተር ያህል ዝቅ ስላለ ድንጋዩ የሚበላው ከስለቱ ወደ ኋላ ያለውን ብረት ነው። ስለቱ ጋ አይደርስም። እንዲህ እየሳሉ ቢውሉ ለውጥ የለውም።

አንድ ቃል በቂ ነበር። «ፕላስተር አድርግበት» ቢላቸው ሥራው በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ግን ካለቀ በኋላ ምን ይከተላል? አባቱ በዚያ እጃቸው ስለታም ምላጭ ይዘው የሰባት ቀን ሕፃን ጭንቅላት ላይ ይጎነበሳሉ። እርግብግቢቷ ገና አጥንት አልሸፈነውም፤ ከቆዳው በታች ትር ትር ሲል ይታያል። ሙስአብ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣው በዚህ ነው። «አባባ፣ ይቺን ተዋት» የሚለውን ንግግር ስንቴ አዘጋጅቶ ስንቴ ውጦታል። አሁን ምላጩ ራሱ ተክቶት ሊናገርለት ነው። ደስ አለው ማለት አይቻልም። ቀለለው ግን፤ በመቅለሉም ራሱን ጠላ።

«ምንም አይታየኝም» አለ ምላጩን እየመለሰ። «ድንጋዩ ይሆናል።»

«ድንጋዩ ምን አደረገ? አንተ ሳትወለድ የነበረ ድንጋይ ነው።»

«እንግዲህ እኔ አላውቅም።»

በከር ቀና ብለው አላዩትም። ውሃ ጠብ አደረጉና ምላጩን መልሰው አጋደሙት።

የሙስአብ ስልክ ጠራ። ጀነት ናት። ወደ ደጅ ወጥቶ ከሱቁ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ አነሳው።

«ነገርከው?» አለች ሰላምታ ሳትጨርስ።

«ገና ነኝ።»

«ሙስአብ፣ ትናንትም ገና ነበርክ። ከትናንት ወዲያ እዚህ መጥቶ ሻይ ስሰጠው ግማሹ ሳህኑ ላይ ነው የቀረው። አማቴ ደግሞ ከጋሽ በከር ሌላ ሰው አይነካትም እያሉ ነው።»

«አንቺስ ለምን አትነግሪውም?»

ከጀርባዋ የሕፃኗ ማላዘን ተሰማ። «እኔ አልችልም» አለች ጀነት። «እማዬ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ዛሬ ነው ወይ እጅህ አይሆንም የምለው?»

«ተይው እንግዲህ። ምላጩ እምቢ ብሎታል።»

«እምቢ ብሎታል ማለት?»

«አልሳልለት አለ። ራሱ ይተወዋል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ጀነት። ወዲያው ደግሞ «አይ አባባ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አምሳሉ በበሩ ፊት አለፉ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሃያ ዓመት በየቅዳሜው በከር ፊት አገጫቸውን ቀና አድርገው የተቀመጡ ሰው። ከወር በፊት በከር ፂማቸውን ሲያስተካክሉላቸው ምላጩ አመለጣቸውና የጆሯቸውን ሥር ቆረጠው። ብዙ አልነበረም፤ ግን ደሙ እስከ አንገትጌያቸው ወርዶ ነበር። «ምንም አይደል» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አልመጡም።

«አምሳሉ፣ ሰው እንዲህ ይጠፋል?» ብለው ተጣሩ በከር።

አምሳሉ ቆሙ። ሳይታዩ ለማለፍ አስበው እንደነበር ያስታውቃል። ገባ አሉ፤ ግን ከደጃፉ አላለፉም።

«ልጄ ጋ ሰነበትኩ፣ ሰሚት።»

«ደህና ናት?»

«እግዜር ይመስገን። ያንተስ የልጅ ልጅ? ዛሬ ነው አይደል? እንኳን ደስ አለህ።»

«እንኳን አብሮ ደስ አለን። ግባና ተቀመጥ፣ ላስተካክልልህ።»

«የለም፣ ዛሬ እንኳ ቸኩያለሁ።»

በከር የአምሳሉን ፊት አዩ። ፀጉር ቆራጭ የሰው ፊት ሲያይ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። የጉንጩን መስመር አዩ፤ ከጆሮው ሥር በንጽሕና ተቆርጧል። ፂሙ ከተነሳ ሁለት ቀን አይሆነውም። የሌላ ሰው እጅ ነው። ከመስመሩ በላይ እሳቸው የተዉት ጠባሳ አለ።

«ጎበዝ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ማን ጋ ነው?»

አምሳሉ እጃቸውን ወደ ጉንጫቸው ሰደዱ። «እዚሁ ተክለ ሃይማኖት አንድ ልጅ አለ። በዚያ ሳልፍ እንዲያው ገባ ብዬ ነው፣ በከር።»

«መስመር ይችላል። እጁ የተረጋጋ ነው።»

አምሳሉ እንኳን ደስ አለህን ደግመው ሄዱ። በከር ምላጩን ለመጨረሻ ጊዜ ክንዳቸው ላይ ሞከሩት። ከዚያ ወደ እጀታው አጠፉት፣ በጨርቁ ጠቀለሉትና ለሙስአብ ዘረጉለት።

«እጄ ነው» አሉ። «ዓይኔም አይደለም፣ ድንጋዩም አይደለም። መሳል ካቃተኝ መላጨትማ ከየት ይመጣል? አንተ ትላጫታለህ።»

ሙስአብ ጥቅሉን ተቀበለ። አሁንም መናገር ይቻላል፤ ጊዜው አላለፈም። «እሺ አባባ» ብቻ አለ። ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ድንጋዩን በፌስታል ያዘና ከመሳቢያው ጥቁሩን ፕላስተር አንስቶ ኪሱ ከተተ።

ከአብነት ጌጃ ሰፈር በእግር ሩቅ አይደለም። ሌላ ቀን ቢሆን የሚቀድሙት በከር ናቸው፤ ግራ ቀኝ ሰላምታ እየሰጡ፣ የዚህን ልጅ ጭንቅላት የዚያን አባት ፂም እየጠቀሱ፣ የአምስት ደቂቃውን መንገድ ግማሽ ሰዓት ያደርጉታል። ዛሬ ከኋላ ቀሩ። ሙስአብ እርምጃውን ሲቀንስ እሳቸውም ቀነሱ፤ ስለዚህ ጎን ለጎን መሄድ አልተቻለም። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። ቆርቆሮውን ተከትለው አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፍ መንገድ አለፉ። በከር አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«እናትህ ብትኖር ቀድማ ትነግረኝ ነበር» አሉ ከኋላው። «ብርጭቆ ስይዝ አይታ ትነግረኝ ነበር። እሷ አትፈራም።»

ሙስአብ ዞር ብሎ አላያቸውም። የያዘው ድንጋይ በየእርምጃው እግሩን ይመታዋል።

ጀነት ቤት ሲደርሱ በጉ ታርዶ ተሰቅሏል። አንድ ክፍልና ጓሮ ያላት የቀበሌ ቤት ናት፤ ዘመድ ግን አሥር ክፍል እንዳለው ሆኖ ነው የመጣው። የጀነት ባል አብዱራህማን እጅጌውን ሰብስቦ ሥጋ ይመትራል። ሸኽ ኑሪ ዱዓ አድርገው የልጅቷን ስም አውጥተዋል። ኡሙልኸይር ተብላለች፤ ከሦስት ዓመት በፊት በሞተችው አያቷ፣ በበከር ሚስት ስም። ጀነት ይህን ለአባቷ ሳትነግር አስቀምጣላቸው ነበር። በከር ደጃፉ ላይ ሲሰሙት የበሩን መቃን ይዘው ጥቂት ቆሙ።

የአብዱራህማን እናት ነፊሳ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ይዘው ብቅ አሉ።

«ይኸው መጡ። ጋሽ በከር፣ ውሃው ደርሷል፤ እርስዎን ነው የምንጠብቀው። ልጄን የላጩልኝ እርስዎ ነዎት፤ የልጄንም ልጅ ሌላ እጅ አይነካትም።»

በከር ጫማቸውን አወለቁ። ነፊሳን ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ቢነግሯቸው ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ቆመው ለሁሉም ተናገሩ።

«እኔ አልላጭም» አሉ። «ዛሬ ምላጭ መሳል አቃተኝ። አርባ ዓመት የሳልኩትን ምላጭ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈትጌው የክንዴን ፀጉር እንኳ አልቆረጠልኝም። ደግሞ እዋሻለሁ ብዬ አልመጣሁም። ሙስአብ ይላጫታል።»

«አይ ጋሽ በከር፣ ድካም ነው እንጂ» አሉ ነፊሳ። «ታመው ስለነበር ነው። ቁጭ ይበሉና ትንሽ ይረፉ፣ ይመለሳል።» ጀነት አልጋው ላይ ልጇን እንዳቀፈች አባቷን አየቻቸውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሙስአብ ፊት ጋለ። አባቱ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ራሳቸውን የሚያዋርዱት በውሸት ነው፤ ውሸቱን ያቀበላቸው ደግሞ እሱ ነው።

«ልሳለውና ልምጣ» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ጓሮው ውስጥ ከቧንቧው አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ምላጩን ፈታ፣ ፕላስተሩን ከኪሱ አውጥቶ ለካ፣ ቆረጠ፣ ጀርባው ላይ ለጠፈ። ሁለተኛውን ሊደርብ ሲል ጥላ አረፈበት። በከር በኩባያ ውሃ ይዘው ቆመዋል።

«ቧንቧው ሦስት ቀኑ፣ ውሃ የለውም ሲሉ ጊዜ...» አሉና ቃላቸውን ሳይጨርሱ ምላጩን አዩ።

ኩባያውን መሬት አስቀምጠው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። ምላጩን ከእጁ ወስደው አውራ ጣታቸውን በፕላስተሩ ላይ አስኬዱ።

«መቼ ነው?»

«ታመህ የተኛህ ጊዜ። የሺፋን ልጅ የላጨሁ ቀን።»

«ስንት ድርብ?»

«ሁለት።»

ከንፈራቸው ሳይናገር ተንቀሳቀሰ፤ ሥራ ሲያስቡ እንዲህ ናቸው። «እንግዲያ ድንጋዩ ስለቱን አልነካውም» አሉ።

«አልነካውም።»

«መሳል አላቃተኝም።»

«አላቃተህም፣ አባባ።»

ፊታቸው ላይ ለአንድ አፍታ ደስታ ታየ። ሙስአብ ኋላ ከሁሉም በላይ መርሳት ያቃተው ያንን ደስታ ነው። ወዲያው ጠፋ።

«ጠዋት ና እየው ስልህ ታውቅ ነበር?»

«ያኔ ነው ያወቅኩት።»

«አምሳሉ ሲመጣ ታውቃለህ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«አሁን ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ስናገርም ቆመህ ትሰማኛለህ።»

ሙስአብ አንገቱን ደፋ። «እጅህን ፈርቼ ነው» አለ። «ምላጭ ስታነሳ ይንቀጠቀጣል። የጋሽ አምሳሉን ጆሮ አይቻለሁ። የልጅቷ ጭንቅላት ደግሞ ገና...»

«እጄን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ በከር። «አብሮኝ ነው የሚያድረው።»

«ብነግርህ ትተዋት ነበር?»

«እንጃ። እቆጣህ ይሆናል። እሰድብህም ይሆናል። ግን ሰው አባቱን በምላጭ ያሰናብታል? አፍ የለህም?»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮሁበት ይሻለው ነበር። ሁለተኛውን ፕላስተር ራሳቸው ቆርጠው ደረቡት። ጣቶቻቸው ጊዜ ወሰዱ፤ ግን አንድ ቦታ እንኳ ሳይጨማደድ ለጠፉት። ከዚያ ድንጋዩን አርጥበው ምላጩን አጋደሙና ወደፊት ገፉ፣ ገልብጠው ሳቡ፣ ገፉ፣ ሳቡ። ድንጋዩ ላይ እጃቸው እንደ ድሮው ነበር። ድምፁም ከጠዋቱ ሌላ ነው፤ ደረቅ ፍትጊያው ቀርቶ ቀጭንና ለስላሳ ሆኗል። ሙስአብ ይህን ድምፅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ በዚህ ድምፅ ተኝቶ በዚህ ድምፅ የነቃበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን ሲሰማው ማልቀስ አማረው።

በከር ምላጩን አንስተው ክንዳቸው ላይ ሳብ አደረጉት። ፀጉሩ ረገፈ። ምላጩ ግን እዚያ አላቆመም፤ እጃቸው ዘለለና ቆዳቸውን ጫረው። ቀጭን የደም መስመር ወጣ። በከር አዩት፤ ሙስአብም አየ። በከር እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡና ፕላስተሩን መላጥ ጀመሩ።

ጀነት በጓሮው በር ብቅ አለች። «ነቅታለች፤ ሳታለቅስ ቶሎ በሉ» አለችና የአባቷን እጅ አየች። «ሆነ እንዴ?»

«ሆነ» አሉ በከር። «እኔ ሳልኩት። ጀርባው ላይ ፕላስተር ማድረግ ነበረብኝ፤ ሳላስበው ቀርቼ ነው።»

የሙስአብን ስም አላነሱም። ጀነት ፊቷ በራ፤ ወዲያው ደግሞ በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ወንድሟን አየችው። ምን እንደምትጠይቀው ገብቶታል።

«እንግዲያ...» አለች። «አንተው ትላጫታለህ ማለት ነው?»

በከር ምላጩን በፈላ ውሃ ሊያጥቡት ይዘው ገቡ።

ነፊሳ ወሬውን ሲሰሙ ከሁሉም በላይ ተደሰቱ። «እኔስ መች አመንኩ? የጋሽ በከር እጅ እንዲህ በቀላሉ ይከዳል?» እያሉ ፍራሹ ላይ ቦታ አስለቀቁ፣ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። በከር ተቀመጡ። ጀነት ልጇን ስታቀብላቸው ትንሽ ቆየች፤ ሕፃኗን ለቃ እጇ ግን ጨርቁ ላይ ቀረ። በከር ሕፃኗን በግራ ክንዳቸው አስተኟት። ፀጉሯ ጥቁርና ብዙ ነው፤ ውሃ ሲነካው ጭንቅላቷ ላይ ልጥፍ ብሎ ተኝቷል፣ እርግብግቢቷም ከሥሩ ይመታል። ቀኝ እጃቸው ምላጩን ከፍ አደረገ። ከፍ አድርጎ ቆየ።

ሸኽ ኑሪ ዱዓቸውን ያንሾካሹካሉ። አንድ ዘመድ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያነሳል። የምላጩ ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ሁሉም ግን ሌላ ሰው እንዲናገር ይጠብቃል። ጀነት ከንፈሯን ነክሳለች። በከር ምላጩን አላወረዱም፣ አልጀመሩምም።

ሙስአብ ከጠዋት ጀምሮ የዋጠውን ቃል ለማውጣት ከዚህ የባሰ ቦታ አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ፤ መንገድ ላይም ብቻቸውን ነበሩ። አሁን ሠላሳ ሰው አለ።

«አባባ» አለ። «እጅህ ይንቀጠቀጣል። ተዋት፣ እኔ ልላጫት።»

ነፊሳ ዞረው ገረመሙት። «ምን ዓይነት ልጅ ነው ደግሞ?» አሉ። «ሰው አባቱን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዲህ ይላል?» አብዱራህማን ሥጋውን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ስልክ የያዘው ዘመድ ቀስ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጀነት ዓይኗን መሬት ጣለች፤ እፎይታዋን ሰው እንዳያይባት ይመስላል። ሙስአብ ቃሉን አላለዘበም፣ ይቅርታም አልጨመረበትም። እዚያው ቆሞ ጠበቀ።

በከር ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው አልተፈታም። ይቅር ይበሉት አይበሉት ሙስአብ ሊያውቅ አልቻለም፤ ምናልባት እሳቸውም ገና አያውቁትም።

«ይህችን ቃል ነበር ጠዋት የምፈልጋት» አሉ።

ምላጩን በእጀታው በኩል አዙረው ዘረጉለት። ከዚያ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አመቻችተው ጭንቅላቷን በሁለት መዳፋቸው ያዙ። የሚያርፉበት ሲያገኙ እጆቻቸው ረጉ።

«ከቀኝ ጀምር» አሉት። «እርግብግቢቷ ጋ ስትደርስ እነግርሃለሁ።»

ሙስአብ «ቢስሚላህ» ብሎ ፊታቸው ተንበረከከ።